ግማሽ ደረጃ ዝቅ

ሰኞ 3

ፈረምኩ! ዘጠኝ ለስላሳ ዘፈን፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ያለው ኦርኬስትራ፣ አራት የቀረጻ ቀን። ከሰኞ 24 እስከ ሐሙስ 27። ከዚያ ኦርኬስትራው ለጉዞ ይወጣል፤ ፕሮዲውሰሯ እንዳለችው ለሁለት ዓመት ሌላ ባዶ ቀን የላቸውም። እንግዲህ ወይ በእነዚያ አራት ቀናት፣ ወይ መቼም።

ሠላሳ ዓመት በጃዝ ክበብ በብርጭቆ ኳኳታ መሃል ዘፈንኩ። የሦስት ቁጥሩ ጠረጴዛ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ አስተናጋጁ በፊቴ ይመላለሳል፣ እኔ ስለ ፍቅር እዘፍናለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአሁን ወዲያ ማን ይጠይቀኛል?

ለባሌ ነገርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ፒያኖ ሲጫወትልኝ የኖረ ሰው ነው። "በዚህኛው ፒያኖ አይኖርም፤ እነሱ ናቸው ያሉት" አልኩት። "ይሁን፣ ቫዮሊን ያምርብሻል" አለና ልብስ ማጠፉን ቀጠለ። እነሱ አላሉም። ፕሮዲውሰሯ ስትጠይቀኝ አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ። በየክበቡ "ባልና ሚስቱ መጡ" መባል ሰልችቶኛል፤ አንዴ ብቻዬን ልታይ። ኃጢአት ነው እንዴ?

ሐሙስ 6

አቀናባሪው ደወሉ። ሰው ሁሉ ጋሽ እርሳስ ነው የሚላቸው፤ ኮምፒውተር አይነኩም፣ የሠላሳ ሁለቱንም ተጫዋች ኖታ በእርሳስ ነው የሚጽፉት።

"ኪውን ከድሮው ካሴትሽ ልውሰደው ወይስ ዝቅ ብሏል?" አሉኝ።

"እዚያው ነኝ ጋሼ፤ ንቅንቅ አላልኩም።"

"እርግጠኛ ነሽ? አንዴ ከጻፍኩት እንደ ሹራብ አይተረተርም።"

"የራሴን ዘፈን ነው እኮ!"

እኔ ኖታ አላነብም፤ በጆሮዬ ነው ያደግሁት። ባሌ መነሻውን ይሰጠኛል፣ እኔ እገባለሁ። ቢሆንም የራሱን ቤት በር የሚስት ሰው የለም። አማቴ፣ አብረውን የሚኖሩት የባሌ እናት፣ ሶፋው ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው "ኪ ደግሞ ምንድነው?" አሉ። ዘፈኑ ከየትኛው ከፍታ እንደሚነሳ ነው፣ ከፍ ብሎ ከተነሳ ጫፉም ከፍ ይላል አልኳቸው።

"እና አንቺ ከየት ነው የምትነሺው?"

"ከድሮው ቦታዬ፣ እማማ።"

አየት አደረጉኝና ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት።

ቅዳሜ 8

ከባሌ ጋር ዘጠኙንም አንድ በአንድ ሄድንባቸው። እሱ ፒያኖው ላይ፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ቅቤ! ዘጠነኛው የመጀመሪያ ካሴቴ መክፈቻ ነው፣ ሳንጋባ በፊት ዜማውን እሱ የሠራልኝ። ጫፉ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ቅንጣት አልያዘኝም። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ እንዲህ የምትል ካለች ትምጣ!

ስንጨርስ የፒያኖውን ክዳን ዘጋው። መልሶ ከፈተው። "ለጋሽ እርሳስ ኪዎቹን እኔ ልጻፍላቸው?" አለ።

"ነገርኳቸው እኮ።"

"ምን ብለሽ?"

"እንደ ድሮው።"

ክዳኑን እንደገና ዘጋው። ከዚያ "አንድ ነገር ልንገርሽ" ብሎ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ፤ ፕሮዲውሰሯ ነበረች። ስመለስ "ተይው፣ ሌላ ጊዜ" አለኝ።

ቀንቷል መሰለኝ። ያሳዝነኛል፣ ግን ምን ላድርግ።

ሰኞ 10። የስቱዲዮው መጸዳጃ ቤት፣ በሩን ቆልፌ

የመጀመሪያው ልምምድ ተበላሸ። ጫፉ ላይ ድምፄ ተሰበረ። እስካሁን በተጻፉት በሦስቱም ዘፈኖች፣ በዘጠነኛውም ጭምር። በሠላሳ ሁለት ሰው ፊት።

አየር ማቀዝቀዣው ነው። ጉሮሮዬን አደረቀው።

ሰኞ፣ ቤት

እንደሆነው ልጻፈው። ቫዮሊኖቹ ሲጀምሩ ሰውነቴ ውርር አለ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ተጽፎ አያውቅም። ገባሁ፤ መጀመሪያው ደህና ነበር። ከዚያ ዜማው መውጣት ጀመረ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ እኔ አብሬው አልወጣሁም። ሁለተኛ ሞከርን። ሦስተኛ። ከፊት የተቀመጠችው ቫዮሊን ተጫዋች ጫማዋን ማየት ጀመረች። እኔን ላለማየት እንደሆነ ገብቶኛል።

"ጋሼ፣ ኖታው ተሳስቷል። ከፍ አድርገውታል" አልኩ።

"የጻፍኩት ካሴትሽን ነው።"

"እንግዲያውስ ጆሮዎን ይታዩ!"

አፌ ቁርጥ ይበል! ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከጆሯቸው ሌላ ምን አላቸው? እርሳሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ተጫዋቾቹን "ለዛሬ ይበቃል፣ አመሰግናለሁ" አሉ፣ ኮታቸውን ይዘው ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እውነት ነው፣ አይታሽም።

ያም ሆኖ ከፍ አድርገውታል። ቅዳሜ ቅቤ የነበረ ድምፅ ሰኞ እንጨት አይሆንም። ባሌን "ኪውን ከፍ አድርገው ጽፈውብኛል" አልኩት። ራት አቀረበልኝና አጠገቤ ቁጭ አለ።

ማክሰኞ 11

ይቅርታ ልጠይቅ ስቱዲዮ ሄድኩ፤ ጋሽ እርሳስ የሉም። ፕሮዲውሰሯ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስልክ ታወራለች።

"ሙዚቃውማ አይባክንም። በጣም የሚያምር ነው። ከፍ የሚል ድምፅ ያላት ልጅ አለች፣ እሷ ትዘፍነዋለች። እትዬን እንዴት እንደምነግራት ነው የጨነቀኝ።"

ወደ ኋላዬ ተመለስኩ፣ በደረጃው ወረድኩ። አሳንሰሩን መጠበቅ አልቻልኩም።

የእኔን ዘፈኖች? ዘጠነኛውን? በቁሜ?

አይሆንም። አራት ፎቅ ስወርድ በየደረጃው አይሆንም፣ አይሆንም እያልኩ ነው የወረድኩት።

ረቡዕ 12

የጉሮሮ ሐኪሙ ካሜራ አስገብቶ አየኝ። ብርድ ነው እንዲለኝ ጸልዬ ነበር። "ጤነኛ ነው" አለኝ። "ታዲያ ለምን ይሰበራል?" ስለው "የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ድምፅ ነው፤ ወርዷል እንጂ አልታመመም" አለኝ። ሰኞ ስለታገልኩ ትንሽ ቀልቷል። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ቃል እንዳልተነፍስ፣ ማንሾካሾክም ጭምር ክልክል።

ወርዷል ይላል። ሰው በጉሮሮዬ ምን አገባው? ማለቴ ሐኪም ነው፣ ያገባዋል። ግን ዘፈኔን አያውቅም።

ሐሙስ 13

ዝምታ። በወረቀት እያወራሁ ነው። አማቴ መነጽራቸውን ፍለጋ ከተነሱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ እስኪያነቡት የጠየቅኩትን እረሳለሁ። "በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሰላም ወርዶ አያውቅም" አሉ ለልጃቸው። ሳቀ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ፤ መሳቅም ክልክል ነው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባሌ የሁሉንም ዘፈን ወረቀት በአንድ ደብተር ጠርዞ ፒያኖ ወንበሩ ውስጥ ያስቀምጣል። ኪው እዚያ ላይ አለ። ለፕሮዲውሰሯ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ማን እንደተሳሳተ ያኔ ይለያል።

ዓርብ 14

ወንበሩን ከፈትኩ። ደብተሩን አወጣሁ። የዘጠነኛው ዘፈን ገጽ፣ ከላይ በግራ በኩል፦

ኤፍ። ተሰርዟል። ቀኑ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።
ኢ። ተሰርዟል። የዛሬ ሰባት ዓመት።
ኢ ፍላት። ተሰርዟል። የዛሬ ሁለት ዓመት።
ዲ።

በእያንዳንዱ አዲስ ፊደል አጠገብ፣ በዚያ ጉንዳን በሚያክል ጽሕፈቱ፣ "ለጊዜው" ይላል። ለጊዜው። ለጊዜው። ለጊዜው። ሌሎቹን ገለጥኩ። ዘጠኙም እንደዚያው።

ኖታ ባላነብም ፊደል አውቃለሁ። ከኤፍ እስከ ዲ ቁልቁል ሦስት ግማሽ ደረጃ ነው። ድሮ ቦታዬ ላይ ነኝ ስል፣ ንቅንቅ አላልኩም ስል፣ ባሌ መሬቱን ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ ዝቅ ሲያደርገው ኖሯል። እኔ የድሮ ካሴቴን አልሰማም፤ ሰምቼ ቢሆን ባወቅኩ ነበር። ለምን እንደማልሰማ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ደብተሩን ፊቱ ዘረጋሁት፣ ወረቀት ላይ "ከመቼ ጀምሮ?" ብዬ ጻፍኩ። ካውያውን አጠፋ።

"ቀኑ ተጽፏል" አለ።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"አልዋሸሁሽም። ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

በትልቁ ጻፍኩ፦ "ማን ማን ያውቃል?"

አንገቱን አከከ። "ባስ ተጫዋቹ ያውቃል። ያለዚያማ እንዴት አብሮን ይጫወታል? ከበሮ መቺው ኪ አያገባውም ግን ያውቃል።"

"እኔም አውቃለሁ!" አሉ አማቴ ከወዲያኛው ክፍል። "ግድግዳው ስስ ነው።"

እስክሪብቶውን ወረወርኩት። ጮኼ ቤቱን ባናጋው ደስ ባለኝ፤ ድምፄን ደግሞ ለቀረጻው እፈልገዋለሁ። እግሬን መሬት ላይ ደበደብኩ፣ እንደ ሕፃን። እሱ እስክሪብቶውን አነሳና መለሰልኝ።

"የመጀመሪያው የእናትሽ ሰሞን ነው" አለ። "በአርባዋ ሳምንት ክበብ ገባን። ጫፉ ላይ ልትደርሺ ስትይ ፊትሽን አየሁት። ፈርተሻል። አንቺን ፈርተሽ አይቼሽ አላውቅም። በማግስቱ መነሻውን ስሰጥሽ እጄ ራሱ ወረደ። ሲሻላት እመልሰዋለሁ አልኩ።"

ሁለተኛው የሳንባ ምች የያዘኝ ጊዜ ነው። ከዚያ ደግሞ ምንም፣ ዕድሜ ብቻ።

አማቴ በር ላይ ቆመው "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። እሳቸውን እንኳ መቆጣት አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ከሰዓት

አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው። ተናድጃለሁ፣ አሁንም። ግን ንዴቱን ገልጬ ሳየው ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። ቅዳሜ ሊነግረኝ ነበር። ስልክ አነሳሁበት፤ ከዚያም ቀንቷል ብዬ ጻፍኩ፣ ይኸው እዚህ ተጽፏል። እሱ ቀረጻው ላይ ቢኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በውሸት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እሺ። ማልቀስ ለድምፅ ጥሩ አይደለም። አሥር ቀን አለኝ።

ቅዳሜ 15

ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ፦ "ልበስ፤ ጋሽ እርሳስ ጋ እንሄዳለን።"

"እኔ ምን ልሠራ?"

"ደብተሩን ያዝ።"

ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። በነጠላ ጫማ በሩን ከፈቱና እጀታውን ሳይለቁ ቆሙ። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። "የእርስዎ ጆሮ ትክክል ነበር ጋሼ። የተሳሳተው የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ጆሮሽ ምንም አልሆነም። ኩራትሽ ነው" አሉኝ። ግን አስገቡን።

ደብተሩን መስኮቱ ጋ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። የተሰረዙትን ፊደሎች በጣታቸው ተከተሏቸው። "ይህን ሁሉ ዓመት?" አሉ ባሌን። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ እንዲህ ያለ ፒያኖ ተጫዋች ቤት ውስጥ እያለ እኔን ያለ ፒያኖ ጻፍ የሚለኝ ማነው?"

ባሌ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። "እኔ ነኝ። እነሱ አይደሉም፣ እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ብቻዬን መታየት ፈልጌ።"

ባሌ መስኮቱን እያየ "አውቄው ነበር" አለ። ወይ ነዶ! ይሰድበኝ ነበር እንጂ።

ጋሽ እርሳስ እንደሚሉት ዝቅ ማድረግ ፊደል መቀየር ብቻ አይደለም። ቫዮሊኖቹ ታች ያልቅባቸዋል፣ ፍሉቱ ይሰጥማል፤ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

"ለሰኞ 24 ይችላሉ?"

"አልችልም። ግን እጀምራለሁ። ኪውን ደግሞ ከካሴትም ከደብተርም አልወስድም፤ ከአፍሽ ነው። ነገ ጠዋት ነይ።"

ሰኞ 17

ፕሮዲውሰሯን ነገርኳት፣ ሳልሸፋፍን። ልጅቷን ለሐሙስ 27 ከሰዓት እንደቀጠረቻት እሷም ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። "እስከዚያ ያላለቀውን እሷ ትዘፍነዋለች፣ እትዬ። እኔም አለቃ አለብኝ።" ፊት ለፊት ስለነገረችኝ ወደድኳት። ትንሽ።

ረቡዕ 19

በቀን ሁለት ዘፈን። ባሌ የጋሽ እርሳስን አሮጌ ፒያኖ ይነካል፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ ጋሽ እርሳስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። "ደግሞ ከግማሽ ደረጃ በታች።" "ኧረ ጋሼ፣ ጉድጓድ ገባሁ!" "ግቢ።" ሁለቱ ዘፈኖች ከባሌ ደብተርም በታች ወረዱ። መጀመሪያ ተሸማቀቅኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ጫፉን መጠበቅ እንደተውኩ ገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ዘፈን ስዘፍን ጫፉን ስጠብቅ ነበር፤ ቃሉን አልሰማውም ነበር።

እርሳስ መቅረጫው አጠገብ የእንጨት ፍርፋሪ ተከምሯል። ዛሬ አምስተኛውን ጨረሱ።

ቅዳሜ 22

ስድስት። እጃቸው አብጧል። ባሌ ገልባጭ ሆኗል፤ እሳቸው የሚጽፉትን ለየተጫዋቹ እየለየ ይገለብጣል። አማቴ በራሳቸው ፈቃድ ምሳ በሣህን ሸፍነው ሦስት ፎቅ ወጡ። ቁጭ ብለው አንድ ዘፈን ሰሙ። "በፊት ስትዘፍኚ እሰጋልሽ ነበር፤ ዛሬ ሳልሰጋ ሰማሁሽ" አሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸውን ረገሙት።

ሰኞ 24

ሦስት ዘፈን! ሦስቱም ገቡ። ያቺ ቫዮሊን ተጫዋች ዛሬ ጫማዋን አላየችም።

ማክሰኞ 25

ሁለት። ደክሞኛል። ባሌ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከድምፅ ቀራጩ ጎን ተቀምጧል።

ረቡዕ 26

አንድ ብቻ። የቼሎው ማይክ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን ሄደ። ድምፄ ሻከር ብሏል። ሦስት ቀርተዋል፤ ጋሽ እርሳስ ስምንተኛውን አሁንም እየጻፉ ነው። አታልቅሺ። ተኚ።

ሐሙስ 27

ጠዋት ጋሽ እርሳስ መጡ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ሁለት ማህደር ነው የያዙት። "ዘጠነኛው አልደረሰም" አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩት። ምን ይባላል? ሰውዬው የሚችሉትን አልፈው ሄደዋል።

ሰባተኛውና ስምንተኛው እስከ ስምንት ሰዓት አለቁ። ልጅቷ መጥታ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ፕሮዲውሰሯ በዝግታ ወደ እኔ መጣች።

"እትዬ፣ ስምንት ግሩም ዘፈን አለሽ። ዘጠነኛው በድሮው ኪ ተጽፎ ተቀምጧል። እሷ ታድርሰው።"

"ዘጠነኛው የእኔ ነው።"

"ኖታ የለሽም እኮ።"

"ፒያኖ አለ" አልኩ። ወደ መስታወቱ ዞርኩና ማይኩ ውስጥ "ሰውዬ፣ ና" አልኩት።

ባሌ ገባ። ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች መሃል አልፎ ጥግ ያለውን ፒያኖ ከፈተ። ደብተሩን ዘረጋ። ዲን ሰጠኝ፤ ጀመርኩ። አራት ቀን የሠራ ጉሮሮ ነው። ወደ ጫፉ ስንቀርብ ታወቀኝ፤ አልደርስም። ቀና ስል እሱም ፊቴን እያየ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያየውን ያንኑ ፊት። አቆምን። እንደገና ልንጀምር ስንል እጁ በዝምታ ወደ ግራ፣ ወደ ታችኛው ድምፅ፣ ሊሸሽ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

"ቆይ" አልኩ። "እኔ ልበለው።"

ማይኩ ክፍት ነበር። ሁሉም ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ፣ ፕሮዲውሰሯ፣ ልጅቷ፣ ጋሽ እርሳስ።

"ግማሽ ደረጃ ዝቅ አድርገው" አልኩ።

አንገቱን ደፋ። ለአፍታ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ፔዳሉን እያስተካከለ ነው። መነሻውን ሰጠኝ።

ስለ አዘፋፈኔ አልጽፍም፤ ተቀርጿል፣ ይሰማል። አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ስጨርስ ሠላሳ ሁለት ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ወንበር ሲንቋቋ እንኳ አልሰማሁም። ድምፅ ቀራጩም የማቆሚያውን ቁልፍ መጫን ረስቶ ዝምታው ሁሉ አብሮ ተቀድቷል።

ልጅቷ ልትወጣ ስትል ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። "እኔ ያንን ዘፈን አልችለውም፣ እትዬ" አለች።

"ጫፉን ትደርሺዋለሽ እኮ።"

"ጫፉንማ እደርሳለሁ።"

ዓርብ 28

እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ። ባሌ ገበያ ሄዷል፤ አማቴ የትናንቱን ሁሉ ሦስት ጊዜ አስተረኩኝ፣ "ዝቅ አድርገው" ያልኩበት ጋ ስደርስ በየጊዜው ያስደግሙኛል።

የፒያኖውን ወንበር ከፈትኩ። ዘጠነኛውን ገጽ አወጣሁ። ዲን ሰረዝኩት። ከሥሩ፣ የእኔ ጽሕፈት እንደሱ አያምርም፣ ዲ ፍላት ብዬ ጻፍኩ። የትናንትናውን ቀን አደረግኩበት። ከጎኑም "ለጊዜው" ብዬ ጨመርኩ፣ ደብተሩንም ቦታው መለስኩ።